ወድቃ ነው

መስከረም 15፣ ረቡዕ

ዛሬ በድሉን መታሁት። ቀኝ እጄ አብጦ ብዕር አልይዝ ስላለኝ በግራ ነው የምጽፈው፤ ጽሑፌ የአንደኛ ክፍል ልጅ ጽሑፍ ይመስላል። ባጭሩ ጽፌ ልተኛ ብዬ ነበር፣ እንቅልፍ እምቢ አለኝ።

ከልምምድ ስወጣ ለጊፋታ በዓል ከተዘጋጀው ዳጣ ይዤ ወደ እህቴ ወደ ሚስጥር ቤት ጎራ አልኩ። የግቢው በር አልተቀረቀረም። ልጇ ሣራ ደጃፉ ላይ ተቀምጣ ጫማዋን ታወልቃለች፣ መልሳ ትጫማለች። እናትሽ የት አለች ብላት ቀና ብላም አላየችኝ። የሦስት ዓመት ልጅ አክስቷን አይታ ካልሮጠች ቤት ውስጥ ነገር አለ ማለት ነው።

ገባሁ። በድሉ በአንድ እጁ ፀጉሯን ጠቅልሎ ይዟል። በሌላው ከሱቁ ያመጣው የውኃ ቱቦ ቁራጭ አለ። ጀርባዋን፣ ጎኗን፣ ደግሞ ጀርባዋን። ያስደነገጠኝ ጸጥታው ነው። እሱ አይሳደብም፣ እሷ አትጮህም፤ ሁለቱም የለመዱትን ሥራ የሚሠሩ ይመስላሉ። ሲያየኝ "አገርነሽ፣ እንኳን ደህና መጣሽ፣ ቁጭ በይ" አለኝ። ቱቦውን እንኳን አላስቀመጠም።

የመጀመሪያውን ቡጢ ለምን እንደሰነዘርኩት አውቃለሁ። ሁለተኛው አመለጠኝ። ሦስተኛው ላይ ግን እሱ ወድቋል፣ እኔ ጎንበስ ብዬ ነው የመታሁት፣ ደስም ብሎኛል። ከዚያ በኋላ የረገፉትን ጥርሶቹን ከምንጣፉ ላይ ለቅሞ በመሐረብ ሲቋጥር ቆሜ አየሁት። ንጹሕ ሰው ነው፣ አይጠጣም፣ አያጨስም፣ እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ቆሞ ሰው የሚያስተናግድ እሱ ነው።

ሚስጥር ከወለሉ ተነሥታ መጀመሪያ የተናገረችው ስለ እጄ ነው። "ውድድር አለብሽ እኮ" አለችኝ።

መስከረም 16

አሰልጣኝ ደገፉ እጄን ከሩቅ አየው። ማንን መታሽ፣ ለምን መታሽ የሚባል ነገር የለም። "በየትኛው ጣት ነው ያረፈው?" አለኝ። አጥንቱን አንድ በአንድ እየጨመቀ ሲፈትሽ ጥርሴን ነክሼ ቆምኩ። አልተሰበረም። ጌታ ይመስገን አለና በረዶ ሊያፈላልግ ሄደ።

ሚስጥርና ሣራ እኔ ክፍል ናቸው። አንድ አልጋ ላይ ሦስታችን። እኔ ብቻዬን የሁለት ሰው ቦታ ስለምይዝ ሣራ ጥግ ላይ እንደ ወረቀት ተጣጥፋ ነው ያደረችው። ሳቅን። ሚስጥር ስትስቅ ጎኗን ያዘች።

መስከረም 18

በድሉ ከሷል። የሕክምና ወረቀት ይዞ ጣቢያ ሄዷል። ዛሬ ጠሩኝ። ኢንስፔክተሩ ያውቀኛል፣ የሶዶ ከተማ ሁሉ ያውቀኛል፤ ባጃጅ ነጂዎች "ካሚዮን" ይሉኛል፣ አንዳንዱ ድርብ ሒሳብ ይጠይቀኛል። ኢንስፔክተሩ ግን በአክብሮት ነው ያናገረኝ። በአካል ጉዳት ልከሰስ እንደምችል፣ ከተከሰስኩ ክለቤ እንደሚያግደኝ ነገረኝ።

አትሌት ነሽና እጅሽ እንደ መሣሪያ ሊቆጠርብሽ ይችላል አለ። መሣሪያ! ዕድሜዬን ሙሉ ስለ እጄ እንዲህ ያለ ምስጋና ሰምቼ አላውቅም።

ዘንድሮ መሆኑ ነው የሚያቃጥለው። የኢትዮጵያ ሻምፒዮና ኅዳር ላይ ሐዋሳ ነው፣ በአሎሎ ውርወራ ያሸነፈች ወደ አፍሪካ ሻምፒዮና ትሄዳለች። ይህን ያህል ዓመት የአገሩ አንደኛ ሆኜ ከአገር ወጥቼ አላውቅም። ሯጮቹ ይበራሉ፤ እኛን ወርዋሪዎቹን በጀት አልተገኘም ብለው ይሸኙናል። ዘንድሮ ግን ፈቅደዋል። ሠላሳ አንድ ዓመቴ ነው፣ ትከሻዬ ጠዋት ጠዋት ይንቋቋል። የሚቀጥለው ዓመት የእኔ አይደለም፣ አብራኝ አሎሎ የምትለማመደው የሶፊ ነው።

መስከረም 22

ክፍሌ ውስጥ የታጠበ የሕፃን ልብስ ተሰቅሏል። ሚስጥር ጀርባዋን እንዳላይባት ፊቷን ወደ እኔ አዙራ ነው የምትለብሰው። ትናንት ተኝታ ሳለ ቀሚሷ ተገልጦ አየሁት። አዲሱን አይደለም፣ ከሥር ያለውን፣ የደረቀውን፣ የቆየውን። ስንት ጊዜ እሷ ቤት በልቻለሁ።

ዛሬ ያደግንበትን ጉኑኖን አሰብኩ። ትምህርት ቤት እያለን አንድ ልጅ ሚስጥርን ገፍትሮ ጭቃ ላይ ጣላት። እኔ የብሎኬት ስባሪ አንሥቼ ወረወርኩበት። አልመታሁትም፣ ስባሪው ግን አጥሩን አልፎ የዳይሬክተሩን ቢሮ ቆርቆሮ በሳ። የስፖርት መምህራችን መጀመሪያ በእንጨት ገረፈኝ፣ ቀጥሎ ወጥቶ ርቀቱን በእርምጃ ለካ። በማግስቱ ድቡልቡል ብረት አምጥቶ አንገትሽ ሥር አስደግፊውና ግፊው አለኝ። እንግዲህ እኔ ሻምፒዮን የሆንኩት በእሷ ጭቃ ነው። ይህን ለጋዜጠኞች ተናግሬ አላውቅም፤ ገጠር ውኃ እየቀዳሁ ጠነከርኩ እላቸዋለሁ፣ እነሱም የሚወዱት ያንን ነው።

መስከረም 25፣ ቅዳሜ

ወንጌላዊ ሚልክያስ ቤት ሽምግልና ተቀመጥን። በድሉ አፉ አብጦ፣ እጁን አጣምሮ፣ በግ መስሎ። እናታችን አዬ ከጉኑኖ መጥታለች። ወንጌላዊው ጸለየ፣ ሽማግሌዎቹ በየተራ ተናገሩ። የቤተ ክርስቲያን ልጆች ጣቢያ ለጣቢያ ሲጓተቱ ማየት እንደሚያሳፍር፣ ሰይጣን ትዳር እንደሚጠላ፣ እኔ የከተማው ስም እንደሆንኩ። ሁሉም መልካም ቃል ነው።

ከዚያ መፍትሔው መጣ። በድሉ ክሱን ያነሣል። በእኛም በኩል የሚነሣ ነገር አይኖርም። የቤቱን ችግር መርምረው ያገኙት ደግሞ ምንድን ነው? ቅርበት። ሚስጥር በሆነ ባልሆነው ጉልበተኛ እህቷ ጋ እየሮጠች ነው፣ ባልም ክብሩ ተነክቶ ነው። ስለዚህ በድሉ ሱቁን ለወንድሙ ትቶ ሚስቱን ቤሌ ወዳለው አባቱ ቤት ይወስዳል። እዚያ ከሰው ርቀው ፍቅራቸው ይታደሳል። አንድ ሽማግሌ ሲናገር እኔን በእጁ ለካኝ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ፤ ሰው ፈገግ አለ። እኔም ፈገግ አልኩ።

መጨረሻ ላይ ወንጌላዊው ወደ እኔ ዞረ። "ልጄ አገርነሽ፣ በእግዚአብሔር ፊት ነው የምጠይቅሽ። ስትገቢ ሲመታት አይተሻል?"

እኔ የደረስኩት በኋላ ነው አልኩ። ውሸት አይደለም። እሱ የጀመረው እኔ ከመድረሴ በፊት ነው።

ሚስጥር ቀና ብላ አየችኝ። ከዚያ የነጠላዋን ጫፍ ማጠፍ ጀመረች። አጠፈችው፣ ፈታችው፣ አጠፈችው። እሷን ማንም አልጠየቃትም። ቀጥሎ ጸሎት፣ ቀጥሎ ሥጋ። አዬ በደስታ አለቀሰች።

መስከረም 27

ጣቢያ ሄደን ነገሩን ዘጋነው። ኢንስፔክተሩ የሚስጥርን ጀርባ በተመለከተ ጠየቀኝ፣ መለስኩ፣ ፈረምኩ። ዝርዝሩን እዚህ መጻፍ አያስፈልግም። ከዚያ ለልጁ ብሎ ከእኔ ጋር ፎቶ ተነሣ።

የእጄ እብጠት ጎድሏል። ከነገ ጀምሮ እወረውራለሁ።

ጥቅምት 3፣ እሑድ

ዛሬ ጉባኤ ፊት ቆሜ ንስሐ ገባሁ። እጄን በወንድሜ ላይ ስላነሣሁ ከቅዱስ ቁርባን ለጊዜው ታግጃለሁ። ማይክራፎኑ ለእኔ አጭር ስለሆነ ጎንበስ ብዬ ነው የተናገርኩት። በድሉ ከአስተናጋጆቹ ጋር በሩ አጠገብ ቆሞ ነበር። አዲስ ጥርስ አስተክሏል፣ ያምርበታል።

ከኋላዬ አንዲት ሴት ለጎረቤቷ በሹክሹክታ "ይቺን ያገባ ወንድ ነው የሚያሳዝነኝ" አለች። ያገባኝ የለም፣ እግዜር አውጥቶታል። ደሜ ፈላ፣ ግን ገና ንስሐ ገብቼ መውረዴ ነው።

ጥቅምት 5

ዛሬ ሄዱ። ዕቃቸውን ፒካፕ ላይ ጫኑ። ሣራ ከፊት፣ በአባቷ ጭን ላይ። ሚስጥር ልትስመኝ ስትመጣ በጆሮዬ የሆነ ነገር ትላለች ብዬ ጠበቅኩ። ትከሻዬን ያዝ አድርጋ ለቀቀችኝ፣ እንደ ሩቅ ዘመድ።

አውቶቡስ አለ። የቤሌ መንገድ ሩቅ አይደለም። በየሳምንቱ እሄዳለሁ ብያታለሁ።

ጥቅምት 14

አልሄድኩም። ዝግጅት ነው። ደገፉ ጠዋት ክብደት ያስነሣኛል፣ ከሰዓት አሎሎ። ወደ ኋላ ዞሬ፣ ጎንበስ፣ አንድ እግር፣ መንሸራተት፣ ግፊት። ንዴትሽን ከእግርሽ አምጪው፣ ከክንድሽ አይደለም ይለኛል። ንዴትማ ሞልቶኛል፣ ከየትም ይመጣል። ብረቱ መሬቱን ሲመታ እግሬ ሥር ይሰማኛል፤ እዚያ የሚወድቀው ፊት ላይ ነው ብዬ ነው የምወረውረው። የማን ፊት እንደሆነ ይለያያል።

ዛሬ ሶፊ ብረቶቹን ልታመጣ መውደቂያው መስክ ውስጥ ገብታ ነበር። አይቻታለሁ። አላየኋትም ማለት አልችልም፤ ቀይ ቱታ ነው የለበሰችው። ወረወርኩ። አሎሎው ከእግሯ አጠገብ ጠልቆ ጭቃው እስከ ደረቷ ተረጨ። ደገፉ እንደ እብድ ጮኸብኝ። ሶፊ ግን ብረቱን ከጭቃው ነቅላ፣ በቱታዋ ጠርጋ፣ አምጥታ እጄ ላይ አስቀመጠችልኝ።

"እኔ በድሉ አይደለሁም" አለችኝ።

ሃያ ዓመቷ ነው። ይቅርታ ልላት አፌን ከፈትኩና ስለ ክርኗ አጣጣፍ አስተያየት ሰጠኋት።

ጥቅምት 21

ሚስጥር ደወለች። ደህና ነኝ ትላለች። ሣራስ? ደህና ናት። አማቶችሽስ? ደህና ናቸው። ዝናቡስ? ደህና ነው አለችኝ። ከኋላዋ የሚተነፍስ ሰው ነበር።

ኅዳር 2

ልምምድ ላይ ሳለሁ ደጋግማ ደውላለች። ስልኬ ቦርሳ ውስጥ ነበር። ስመልስ ዝግ ነው። ቤሌ ኔትወርክ እንዲህ ነው። ነገ እደውላለሁ።

ኅዳር 3

ዝግ።

ኅዳር 5

ዝግ። ደገፉን ለአንድ ቀን ልሂድና ልያት አልኩት። ሂጂ አለ። እንዲህ ሲለኝ ነው የምፈራው፤ ሂጂ፣ ግን ከቤሌ ተመልሶ የደከመ እግር ሐዋሳ ላይ አይወረውርም አለ። የበድሉ ወንድም ሱቅ ሄጄ ጠየቅኩት። ስልኳ ውኃ ውስጥ ወድቆ ነው አለኝ። አመንኩት። ስልክ ውኃ ውስጥ ይወድቃል።

ኅዳር 8

ሐዋሳ ገባን። ክፍሉ ጥሩ ነው። እጄ ደህና።

ኅዳር 11

አሸነፍኩ።

ከማጣሪያው ጀምሬ ሁለተኛ ነበርኩ። ሶፊ በመጀመሪያ ሙከራዋ ተሽከርክራ የላከችው ብረት የእኔን ምልክት አልፎ ሲያርፍ ስታዲየሙ ጮኸ፤ ለእሷ ነው የጮኸው፣ ለአዲሷ። ከዚያ በኋላ ሁሉም ሙከራዬ ተበላሸ፤ አንዱ ፋውል፣ አንዱ አጭር። ለመጨረሻው ስዘጋጅ ደገፉ ከአጥሩ ማዶ ስልኩን ጆሮው ላይ አድርጎ ቆሟል። ፊቱ አመድ መስሏል። ምነው ብዬ በእጄ ጠየቅኩት። "ወርውሪ!" ብሎ ጮኸብኝ።

ወረወርኩ። እንዲህ ያለ ውርወራ በሕይወቴ ወርውሬ አላውቅም። ከእግሬ ጣት ተነሥቶ፣ በወገቤ ዞሮ፣ ትከሻዬን ሊገነጥለው ደርሶ ነው የወጣው። ከጉሮሮዬ የወጣውን ድምፅ እኔው ፈራሁት። ነጭ ባንዲራ፣ ተቆጥሯል። ሶፊ መጥታ አቀፈችኝ፣ አለቀሰች፣ እኔም።

ሜዳልያው አንገቴ ላይ ከዋለ በኋላ ነው ደገፉ የነገረኝ። ሚስጥር ሆስፒታል ናት። ዱቦ አድርሰዋታል። መቼ ነው የሰማኸው አልኩት፤ ጫማውን አየ። ኮሌታውን ይዤ ግድግዳው ላይ አጣበቅኩት፤ እግሩ ከመሬት ለቀቀ፣ መነጽሩ ወደቀ፣ ረገጥኩት። "ብነግርሽ ትወረውሪ ነበር?" አለኝ እየታነቀ። አልወረውርም ነበር አልኩት። ጥዬ እሄድ ነበር።

እሄድ ነበር። መቼም እሄድ ነበር።

ኅዳር 12

ዱቦ። መንጋጋዋ ተሰብሯል። ጥርሷን ላይና ታች በሽቦ አስረውታል፣ በቀጭን ቱቦ ሾርባ ትመጥጣለች። ግራ እጇ ከክርኗ በታች ሁለት ቦታ። አንድ ዓይኗ አልተከፈተም። የጎን አጥንቷ። እዚህ ላይ ማቆም እፈልጋለሁ።

የቤሌ ጎረቤቶች ናቸው ያመጧት። በሙቀጫ ዘነዘና ነው አለች አንዷ፤ ሌላዋ ክርኗን ጎሸም አድርጋ ዝም አሰኘቻት። ሣራን አዬ ይዛታለች። በድሉን ፖሊስ ይዞታል።

ከሐዋሳ ሳልታጠብ ነው የመጣሁት። ለውርወራ እጄን የቀባሁት ኖራ አሁንም በጥፍሬ ሥር አለ። እጇን ልይዝ ስሞክር ሳበችው። ሕመሙ ይሆናል።

ኅዳር 16

በድሉ ለፖሊስ የሰጠውን ቃል ሰማሁ። ከቆጡ ላይ እህል ልታወርድ ወጥታ ወድቃ ነው ብሏል። እናቱና አባቱ መስክረውለታል። ለመርማሪው ደግሞ ምን ቢሉት ጥሩ ነው? ይቺ ልጅ መውደቅ ልማዷ ነው፤ ሶዶ እያለችም ወድቃ ነበር፤ ካላመናችሁ የገዛ እህቷ ለሶዶ ጣቢያ የሰጠችውን ቃል አስመጡ።

አስመጡት። ዛሬ ዐቃቤ ሕግዋ አስጠርታ አነበበችልኝ። ድምፄን በሌላ ሰው አፍ ሰማሁት። "ልብስ ስታጥብ ሳሙና አዳልጧት ወድቃ ነው፤ ባሏ ሲመታት አይቼ አላውቅም።" ዐቃቤ ሕግዋ ወጣት ናት፣ በክፋት አልተናገረችም። ይህ ቃል እስካለ ድረስ የዋስትና ጥያቄውን መቃወም ያስቸግረኛል አለችኝ። ዋስ ካገኘ ደግሞ ልጅቷን ሊወስድ ይችላል፤ ባል ነውና ሚስቱም ጋ መምጣቱ አይቀርም።

ተሳስተሽ ከሆነ ማረም ይቻላል አለች። እጇን ሰዓቷ ላይ አድርጋ ጠበቀችኝ። አስብበታለሁ ብዬ ወጣሁ።

ምን የሚታሰብ ነገር አለው?

ኅዳር 20

ስሜ ወጣ። አፍሪካ ሻምፒዮና፣ ፓስፖርት ፎቶ ይዘሽ ነይ ተባልኩ። ደገፉ በአዲስ መነጽር መጥቶ ነገረኝ። ኮሌታውን በጨበጥኩበት ቦታ አንገቱ ላይ አሁንም ቢጫ ምልክት አለ፣ ሁለታችንም እንዳላየነው ሆንን። ቃልሽን ከቀየርሽ የሐሰት ቃል ሰጥተሻል ብለው ይከሱሻል፣ ክስ ካለብሽ ክለቡ ያወጣሻል፣ ድንበር አትሻገሪም አለ። ይህን ሁሉ አውቃለሁ። ግን ሲናገረው ልቤ ለምን ቀለል እንዳለው አላውቅም። ከሌላ ሰው አፍ ስሰማው ምክንያት ይመስላል።

ኅዳር 21

ወንጌላዊ ሚልክያስና ሽማግሌዎቹ ዱቦ ድረስ መጥተው ጸለዩላት። ሚስጥር ዓይኗን ጨፍና ነበር፤ ተኝታ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ከወጣን በኋላ ኮሪደሩ ላይ የበድሉ ቤተሰብ ለሕክምናው እንደሚረዱ፣ እሱም እንደተጸጸተ ነገሩን። አዬ ወደ ጥግ ወሰደችኝ። በወላይትኛ፣ ማንም እንዳይሰማ፣ አንዷ ልጄ ተሰብራለች፣ ሁለተኛዋን አትስበሪብኝ አለችኝ። የእኛን ቤት የሚያኖረው የአንቺ ክንድ ነው አለች። እውነቷን ነው። ጣሪያው የእኔ ነው፣ ላሟ የእኔ ናት፣ የሚስጥር ሰርግ እንኳ በእኔ ነው የተደገሰው።

በድሉ ያኔ ያማረ ሱፍ ለብሶ ነበር። እኔ ነኝ የመረጥኩለት።

ኅዳር 24

ሶዶ ተመለስኩ፣ ልምምድ አለ። ጠዋት ወረወርኩ። ቅርብ ወደቀ። ደግሜ ወረወርኩ፣ ይባስ ቅርብ። ሶፊ አጠገቤ ተቀምጣ ጅማቷን ታፍታታለች። እኔ ከቀረሁ የምትሄደው እሷ ናት። ምን ታስቢያለሽ አልኳት። እኔን አትጠይቂኝ፣ ስለቀናሁብሽ የምናገር ይመስልሻል አለች። ከዚያ ቆይታ፣ ዞር ብላም ሳታየኝ፣ "ዋስ ሊያገኝ ነው ይላሉ፣ ሰኞ" አለች።

አሎሎውን አንሥቼ በሁለት እጄ የዕቃ መጋዘኑ በር ላይ ጣልኩት። ቆርቆሮው ተቀደደ። ደግሜ ጣልኩት። ጥበቃው ሮጦ መጣ፣ እኔን ሲያይ ቆመ። በሩን እስኪገነጠል ድረስ መታሁት። ምን እንደማደርግ ባወቅሁ ኖሮ በሩ ደህና ነበር።

ኅዳር 25

ሕልም። እጄ ውስጥ ብረት አለ፣ ከፊቴ መንጋጋ አለ። የማን እንደሆነ አልተለየኝም።

ኅዳር 28፣ ቅዳሜ

አርብ ሶዶ ጣቢያ ሄድኩ። ከውጪ ጀምሬ ላቤ ይወርዳል፤ ስታዲየም ሙሉ ሰው ፊት እንዲህ ሆኜ አላውቅም። ኢንስፔክተሩ ከወንበሩ ተነሥቶ ጨበጠኝ፣ ስለ ወርቁ እንኳን ደስ ያለሽ አለኝ። ፎቶአችን ከጠረጴዛው መስተዋት ሥር ነው። ቃሌን ልቀይር መጥቻለሁ አልኩት። ፈገግታው ቀስ ብሎ ጠፋ። በሩን ዘጋና እንደ ወንድም አድርጎ መከረኝ፤ አንዴ ከተጻፈ እኔም ልረዳሽ አልችልም፣ ያን ጊዜ አይተሽ ዋሽተሻል ማለት ነው፣ ለምን ብለው ይጠይቁሻል አለ።

"ጻፈው" አልኩት። "ውድድር ስለነበረብኝ ብለህ ጻፈው።"

ቱቦውን ነገርኩት። ፀጉሯን በእጁ መጠቅለሉን፣ ደጃፉ ላይ ሣራ ጫማዋን ማውለቅና ማጥለቋን፣ እንኳን ደህና መጣሽ ማለቱን። ተኝታ ሳለች ያየሁትን የቆየውን ጠባሳ ነገርኩት። እኔ ስንት ጊዜ እንደመታሁት፣ ወድቆም እንደመታሁት ነገርኩት። እጁ እስኪዝል ጻፈ። ስጨርስ ፎቶውን ከመስተዋቱ ሥር አውጥቶ ኪሱ ከተተው። የክለቡ ሰዎች ማታ ሰሙ፤ ደገፉ ደወለ፣ ወዲያው ዘጋው። ዐቃቤ ሕግዋም ደወለች፣ ሰኞ የምትይዘው ነገር አላት።

ዛሬ ዱቦ ሄድኩ። በሚኒባሱ መስኮት በኩል እያየሁ ስንት ጊዜ ንግግሬን አዘጋጀሁ፤ ሁሉም እኔ የከፈልኩትን የሚዘረዝር ሆነብኝ። ሚስጥር ተቀምጣ ነበር። ዓይኗ ተከፍቷል፣ ዙሪያው አረንጓዴ ነው። አዬ ሣራን ይዛ ወደ ውጪ ወጣች። አልጋው ጠርዝ ላይ ስቀመጥ ፍራሹ በእኔ በኩል ዘቀጠና እሷ ወደ እኔ ተንሸራተተች፤ በደህናው እጇ የአልጋውን ብረት ያዘችና ወደ ቦታዋ ተመለሰች።

ነገርኳት። ጣቢያ ሄድኩ፣ ያየሁትን ሁሉ ተናገርኩ፣ ሰኞ አይፈታም ይሆናል አልኳት። የቀረውን ተውኩት። አፍሪካን፣ ክለቡን አላነሣሁም። ታመሰግነኛለች ብዬ ነበር። አዎ፣ እውነቱን ልጻፍ፣ ታመሰግነኛለች ብዬ እየጠበቅኩ ነበር።

በታሰሩት ጥርሶቿ መሐል፣ ከንፈሯን ብቻ እያንቀሳቀሰች፣ እያንዳንዱ ቃል እያመማት ተናገረች።

"ያን ቀን ወንጌላዊው ቤት፣ ቀና ብዬ ሳይሽ፣ ቤሌ ከሄድኩ ምን እንደሚያደርገኝ ታውቂ ነበር?"

አዎ አልኳት።